ላፕቶፔን የመለስኩበት ዓመት

ጂንካ ውስጥ ለልጁ ኮምፒውተር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ከወረዳ ለስብሰባ የመጣ ባለሙያ፣ ጎረቤቴ የሆነው አስተማሪ፣ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ የመዘምራኑ ሰብሳቢ ሳይቀር ያችኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ይሄ ትልቁ ታብሌት ላፕቶፕን ይተካል ወይ? እኔም ሳላመነታ ይተካል እላለሁ። በዚህ ጉዳይ ትሕትና የለኝም። የጽሕፈት መኪናና ደስክቶፕ እጄ ላይ አርጅተው አልፈዋል፤ ሦስተኛውን፣ ላፕቶፑን፣ በገዛ ፈቃዴ መልሻለሁ። የመለስኩበትን ምክንያት ግን ለሁሉም አልናገርም፤ ነገሩ ከዕቃው ይልቅ እኔን የሚያሳፍር ስለሆነ ነው።

ከአሪ ደጋ፣ ከገዘር፣ ወደ ጂንካ የወረድኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቤታችን የምናወራው አሪኛ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ለምጄ በጽሕፈት መኪና አጠናቀቅኩት ብል ይሻላል። ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። መኪናዋ ከባድ ነበረች፤ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለማዛወር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጣቶቼ ማታ ማታ ያብጡ ነበር። ቢሆንም ወደድኳት። አቤቱታ የሚያስጽፍ ገበሬ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይናገራል፣ እኔ እመታለሁ፤ ወረቀቱን ከመንቀሌ በፊት አነብለታለሁ። «ያልኩት እሱን ነው» ካለ ይነቀላል። ካላለ እንደ አዲስ ነው። ይህን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ አንዴ ተሳስቼ አንድ ሽማግሌ ያለ በሬ ስላስቀረሁ ራሴ የተማርኩት ነው።

ከዚያ ደስክቶፕ መጣ። የገባበት ክፍል ምንጣፍ ተነጠፈለት፤ ጫማ በር ላይ እያወለቅን ነበር የምንገባው። ማታ ሲዘጋ የዳንቴል ጨርቅ እናለብሰዋለን። መብራት በጄኔሬተር፣ ያውም በሰዓት ተቆጥሮ በሚመጣበት ከተማ እንዲያ ያለ እንግዳ መቀበል ድፍረት ነበር። ጽፈህ ጽፈህ ልታስቀምጥ ስትል ድርግም። ያኔ ከብስጭት ብዛት ያለቀስኩበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የስድስት ገጽ ሪፖርት ነበር።

በርቀት ትምህርት ዲፕሎማዬን ይዤ ከታይፒስትነት ወደ መሬት ይዞታ ምዝገባ ስዛወር ላፕቶፕ በስሜ ወጣ። የንብረት መረከቢያው ሞዴል 22 ላይ ስሜን ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ቤት ይዤው ስሄድ እንደ አራስ ሕፃን በነጠላ ጠቅልዬ ነው። በሁለተኛው ዓመት ባትሪው ሞተ። ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ራሱን ይስታል። የሁላችንም እንዲሁ ነበር፤ ስማቸው ላፕቶፕ ይሁን እንጂ ከግድግዳው ጋር የታሰሩ ፍየሎች ናቸው። ማንም ግን ደፍሮ አይናገርም። ላፕቶፕ መያዝ ባለሙያ መሆን ነበርና።

ዱስ የሄድነው በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ ነው። ዱስ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለ የካራዎች መንደር ነው። መንደሩ ከፍ ካለው ገደል ላይ ተቀምጧል፤ ማሳዎቹ ከታች፣ ወንዙ ዳር ናቸው። ጎርፉ እንደ ድሮው ሞልቶ መምጣት ካቆመ ወዲህ ማሳቸውን በፓምፕ ነው የሚያጠጡት፤ ፓምፕ ሲመጣ ደግሞ የማን ማሳ የት ነው የሚለው ጥያቄ ከበፊቱ ጠነከረ። እኛም የይዞታ ማረጋገጫ ልንሰጣቸው ሄድን። በአንድ የወንዙ እጥፋት ላይ በተርታ የተሰለፉ አሥራ አንድ ማሳዎች ነበሩ፤ የዛሬው ታሪኬ የእነሱ ነው።

ከሰማይ የተነሣ የአካባቢው ፎቶ ላፕቶፔ ውስጥ ነበረ። በደንቡ መሠረት ባለማሳውን ይዤ ወርጄ፣ በእግሬ ወሰኑን ዞሬ መመዝገብ ነበረብኝ። ላፕቶፑ ግን ያለ ሶኬት አይሠራም፤ ከመኪናው ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚስብ ኢንቨርተር ገጥመን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥነው። ስለዚህ ላፕቶፑ መኪናውን፣ እኔ ደግሞ ላፕቶፑን መልቀቅ አልቻልንም። ታች ጭቃ ነው፣ ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። «እዚሁ ያሳዩኝ» አልኩ። ተርታው በሰፊው ስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር እንዲታይልኝ ፎቶውን አዞርኩትና አንድ በአንድ ጠራኋቸው። እያንዳንዱ መጣ፣ ወንዙን ቁልቁል አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ በጣቱ ነካ። እኔም ቁጥር ሰጠሁ። ከሰዓት በፊት ጨረስን። እንዴት እንደኮራሁ። ሌላው ባለሙያ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን በግማሽ ቀን ጨረስኩ ብዬ እስከ ጂንካ ድረስ ለሾፌሩ ሳወራ ነበር።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሰው መሬት ነበር።

ከአንድ የዘር ወቅት በኋላ አንዲት ሴት ቢሮዬ ገባች። ካራ ነች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ከቱርሚ በጭነት መኪና ተጭና ነው የመጣችው። ማረጋገጫውን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። አብሯት የገባው የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነበር፤ ሐመር ስለሆነ ቋንቋቸው ይግባባል፣ እንዲያስተረጉም እሷው በር ላይ ይዛው ነው የመጣችው። ወንበር ሰጠኋት። የላፕቶፔን ክዳን ከፍቼ ቁጥሯን መፈለግ ጀመርኩ። እሷ ግን በክዳኑ ላይ አንገቷን አስግጋ የምታየው እኔን ነበር።

ያለችው ይህ ነው። ባሏ ሲሞት ማሳው ለእሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ እንደሚቀር የዘመድ ሽማግሌዎች ፊት ተነግሯል። ውሃው ከሚመጣበት በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው ማሳ ነው፤ ደለሉ ለስላሳ፣ ማሽላው የማያሳፍር። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ግን ፊደል የቆጠረ ሰው አነበበና ያንቺ ከታች በኩል ያለው ነው አላት። እዚያ ወንዙ ዳሩን እየናደ የሚበላበት፣ ዘር ተዘርቶ ቡቃያው ሳይጠና ከአፈሩ ጋር ውሃ ውስጥ የሚወርድበት ቦታ ነው። የእሷን ማሳ ደግሞ የዚያኛው ባለቤት ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ዘራው።

ጥበቃው ይህን ሁሉ ከተረጎመ በኋላ መሬት መሬቱን እያየ የመጨረሻውን ጥያቄ አቀረበ። «እህቴ፣ እሷ ትላለች፣ ወረቀቱን ማን ነው የጻፈው?»

ስክሪኑ ላይ ተርታውን እያየሁ ነበር። በአንዴ ነው የገባኝ። ሰዎቹ መኪናው ጋ ቆመው ወንዙን ሲያዩ ውሃው ከቀኛቸው ወደ ግራቸው ነው የሚሄደው። እኔ ያዞርኩት ፎቶ ላይ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነበር። ከሰማይ ሆኖ መንደሩን ያየ ሰው በመካከላቸው የለም፤ መሬታቸውን በቆሙበት አቅጣጫ ነው የሚያውቁት፣ በዚያው አቅጣጫ ነው የነኩት። ተርታው በሙሉ ተገልብጦ ነበር የተመዘገበው። ሦስተኛዋ ዘጠነኛ፣ ዘጠነኛው ሦስተኛ ሆነው ቀሩ። ከአሥራ አንዱ ልክ የሆነው መካከል ላይ ያለው የስድስተኛው ብቻ ነው።

ያኔ ማድረግ የነበረብኝን አውቃለሁ። እኔ ያደረግኩት ግን የቢሮ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ሲስተሙ ተሳስቶ ይሆናል፣ እናጣራለን አልኩ። ጥበቃው ሲስተም የሚለውን በቋንቋቸው የሚልበት ቃል ስለሌለው፣ የተሳሳተው እዚህ ጂንካ ያለ ሌላ ሰው ነው ብሎ ነገራት። ይህን የነገረኝ ኋላ ነው። እሷም ያ ሰው ዱስ ድረስ እንዲመጣና ዓይኗን እያየ እንዲነግራት ጠይቃ፣ ፌስታሏን አጥፋ ሄደች። በዚያ ሳምንት እህል አልበላ ብሎኝ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያው ላፕቶፕ ላይ ቁጥሮቹን አገላብጦ፣ አዲስ ወረቀት አትሞ ይልክ ነበር። አለቃዬም ያንኑ ነው ያሉኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። አንዴ ሳላያቸው ጽፌ አሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ ሳላያቸው ጽፌ አስተካክያለሁ ብል ማን ያምነኛል? ዘጠነኛው ሰውስ ከጂንካ በመጣ ወረቀት ያገኘውን ከጂንካ በመጣ ወረቀት ይለቃል? እዚያው መሬቱ ላይ፣ ሁሉም እያየ መደረግ አለበት አልኩ። ለዚያ ደግሞ ከመኪና ያልታሰረ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

በዚያን ሰሞን ለአንድ የዳሰሳ ጥናት የመጡ ትልልቅ ታብሌቶች ግምጃ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል። ስፋታቸው ልጆች ድሮ ከሚጽፉበት ጥቁር ስሌት አያንስም፤ የሚነቀል የሚገጠም የቁልፍ ሰሌዳ አላቸው። አንዱን እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከወላይታ መጥቶ ጂንካ ያረጀ፣ ለአንዲት እርሳስ እንኳ ሁለት ፊርማ የሚያስፈርም ጥንቁቅ ሰው ነው። ሁለት ኤሌክትሮኒክስ በአንድ ሰው ስም አይወጣም፤ ታብሌቱን ከፈለግሽ ላፕቶፑን መልሺ አለኝ። መለስኩ። ሲረከበኝ በመነጽሩ በላይ አይቶኝ፣ «እህቴ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን» አለ። እኔም ብብቴ ሥር ያለው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው አልኩት።

የቢሮ ልጆች አሾፉብኝ። አንዷ የሰርግ ፎቶ ማያ ነው አለች፤ አንዱ ደግሞ ለእናንተ ቤት ልጆች ካርቱን ይሆናል አለኝ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እነሱ ትክክል የሆኑ መሰለኝ። የቁልፍ ሰሌዳው ጠባብ ነው፤ በጽሕፈት መኪና የደነደነ ጣቴ አንዱን ስፈልግ ሦስቱን ይጫናል። ፍላሽ የሚሰካበት የለውም። ረጅም ሠንጠረዥ ስሠራ አምዱ ከጣቴ ሥር ይሸሻል። ፕሪንተራችን ደግሞ ታብሌት የሚባል ዘመድ እንዳለው አያውቅም። አንድ ቀን ከንዴቴ የተነሣ ልመልሰው ክዳኑን ሸፍኜ ግምጃ ቤቱ በር ድረስ ሄጃለሁ። የኃላፊው ፊት ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ።

እልኸኛ ነኝ፤ ቀስ በቀስ ሁሉንም መንገድ አገኘሁለት። ፍላሹን በትንሽ መቀጠያ፣ ፕሪንተሩን በገመድ። ሠንጠረዡን ከታብሌቱ ጋር በመጣችው ብዕር መንካት ስለምድ ከማውስ ፈጠነ። የተጎሳቆለ አሮጌ መዝገብ ፎቶ አንስቼ ወዲያው ፋይል ውስጥ እከታለሁ፤ ለዚህ ድሮ የስካነር ወረፋ ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር። መብራት ሲጠፋ ባለላፕቶፖቹ ተያይዘው ሻይ ይወጣሉ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እሠራለሁ። ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ዝርዝር፣ ሁሉም በእሱ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ያቅተው ነበር፤ የዋናው መሥሪያ ቤት አሮጌ ፕሮግራም አይከፈትበትም፣ አምስት መቶ መስመር ያለው ሠንጠረዥም ላይ ያዘግማል። ለእነዚህ በወር አንድ ጊዜ የጓደኛዬን ኮምፒውተር እለምናለሁ። በወር አንዴ ለሚያስፈልግ ነገር ሠላሳ ቀን ፍየል አላስርም።

ዱስ ስንመለስ ጥበቃውን ለአስተርጓሚነት እንዲፈቅዱልኝ አድርጌ ይዤው ሄድኩ። ጠዋት ነው የደረስነው፤ ያደርነው ቱርሚ ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር አሥራ አንዱም ባለማሳዎች ተሰብስበዋል። ሴትዮዋ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ዘጠነኛው ሰው፣ ጎልማሳ ነው፣ ወረቀቱን በእጁ ይዟል። ወንዶቹ የሚቀመጡባትንና የሚንተራሷትን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ሴት መሆኔን አይተው ሳቁ እንጂ አልከለከሉኝም።

ታብሌቱን ለትልቁ ሽማግሌ በእጃቸው ሰጠሁ። ፎቶውን አዩ። አላወቁትም። ከአጠገባቸው ላለው ሊያሳዩ ወደ እሱ ሲያዞሩት ምስሉም ተከትሎ ዞረ። እንደገና አዞሩት፤ እንደገና ዞረ። ታብሌት ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የያዘው ሰው ወዳለበት ፊቱን ይመልሳል። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነበር የማየው። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ተቆጣና ለጥበቃው አንድ ነገር ተናገሩ።

«እሳቸው ይላሉ፣ ወንዝ ሰው አይቶ አይዞርም» አለኝ። «ይሄን ነገር አቁሚው ይላሉ።»

አቆምኩት። እንዳይዞር የሚያደርገውን ቁልፍ ነካሁና መለስኩላቸው። ታብሌቱን የፍየል ቆዳ ላይ በጀርባው አስተኙት። ከዚያ ተነሥተው ወንዙን ቁልቁል አዩ፣ ጎንበስ ብለው ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ አሽከረከሩ፣ ደግሞ ወንዙን አዩ፣ ደግሞ አሽከረከሩ። በፎቶው ላይ ያለው ወንዝና ከታች ያለው ወንዝ በአንድ አቅጣጫ ሲተኙ እጃቸውን አነሱ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው ከለከሉ።

ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ ተነሥተው ቦታ ቀየሩ። ማሳው ውሃው ከሚመጣበት በኩል የሆነ በዚያ በኩል፣ ከሚሄድበት በኩል የሆነ በዚህ በኩል ተቀመጠ። አንዱ በድንገት በጣቱ ነካና በረቱን አገኘ። ሌላው ባለፈው ዓመት የወደቀውን ዛፍ አገኘ። እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ መንደራቸውን ሲያነቡ እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ሠላሳ ዓመት ስጽፍ እንዲህ ያለ አንባቢ አላጋጠመኝም። ላፕቶፕ እንዲህ አይተኛም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከፊቱ፣ ሌላው ሁሉ ከጀርባው ነው። ከዚያ ተርታውን ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። የመካከሉ፣ ስድስተኛው ሰው የእሱ ወረቀት ብቻ ልክ መሆኑን ሲሰማ፣ ታዲያ እኔን ለምን ከከብቴ ጠራችሁኝ ብሎ አሳቃቸው።

ታብሌቱን ይዤ ወደ ማሳዎቹ ወረድኩ። በዚህኛው ጊዜ ጭቃውን አልፈራሁም፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር የገባሁት። ወሰኑን በእግራችን እየዞርን፣ ነጥብ በነጥብ መዘገብኩ። ከአንድ እስከ ስምንት ሄድን። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ታብሌቱ በጣም ሞቋል፣ ይቀዝቅዝ የሚል ጽሑፍ አሳየኝና ጠፋ። ጓደኞቼ ይህን ቢያዩ እንዴት ደስ ይላቸው ነበር። ሰዎቹ ለምን ቆመ ብለው ጠየቁ፤ ደከመው አልኳቸው። ይህ አላስገረማቸውም። በዚያ ሰዓት ሰውም ከብትም ጥላ ይፈልጋል። ዛፍ ሥር አብረን ተቀመጥን፣ ታብሌቱ ሲበርድ ተነሣን፣ የቀሩትን ጨረስን።

የቁልፍ ሰሌዳውን ገጥሜ የማስተካከያውን ቃለ ጉባኤ እዚያው፣ ሦስተኛው ማሳ ዳር ተቀምጬ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ አነበብኩላቸው፤ ጥበቃው ተረጎመ። ከሰዎቹ አንድም የተቃወመ የለም። ዘጠነኛው ሰው እንኳ ማሳው የእሷ መሆኑን ድሮም እንደሚያውቅ፣ ወረቀቱ ሌላ ስላለ ግን ወረቀቱን እንዳመነ ተናገረ። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚናድ መሬት የነበረው፣ አንድ ቀን ከመንግሥት ስጦታ የመጣለት የመሰለው ሰው ነው። ግን ፊት ለፊታችን የእሱ ማሽላ ቆሟል። ዛላው እሸት ይዟል፣ ወፍ ጠባቂዎች ሳይቀር ተቀምጠውለታል። ሽማግሌዎቹ የዘራ ያጭዳል አሉ፤ ከአጨዳ በኋላ መሬቱ ወደ ባለቤቷ ይመለሳል። ልማዳቸው ነው፤ እኔ ምንም የምለው አልነበረኝም። ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ታብሌቱን ልዘጋ ስል ሴትዮዋ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ቀጥታ ለእኔ ነበር የምትናገረው፤ ጥበቃው እያያት ዘገየ።

«እሷ ትላለች፣ መሬቱን አገኘሁ። የዚህ ዓመት እህሌን ግን ውሃ ነው የወሰደው። ልጆቼ እስከሚቀጥለው ድረስ ምን ይበላሉ? ያ የተሳሳተው ሰው ይመልስልኛል? ጂንካ አለ ያላችሁኝ ሰው።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ታብሌቱ ጭኔ ላይ በርቷል፤ ሠንጠረዡ ሞልቷል፣ አሥራ አንዱም ልክ ነው፣ ሪፖርቱ የሚያምር ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን የሚሞላ ሳጥን የለውም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላበስኩትም። ጥበቃውን፣ አንተ ያኔ ቢሮ ውስጥ ያልካትን አይደለም፣ እኔ የምልህን በትክክል ንገራቸው አልኩት።

«ሌላ ሰው የለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን መኪናው ጋ ቆሜ፣ ሳልወርድ ነው የጻፍኩት። እንድትመጪም ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ ስትመጪም ዋሸሁሽ።»

ሲተረጉም ድምፁ ተለወጠ። ሽማግሌው ወንዙን ያያሉ። በሥራዬ ከሚገባኝ በላይ የተሞገስኩባቸው ቀኖች አሉ፤ እንደዚያች ሰዓት ግን ራሴን ያየሁበት ቀን የለም። ሴትዮዋ ፊቴን አየችኝ፣ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ማሽላው ዞረች። የምትፈልገው እኔን ሳይሆን እህሏን ነበር።

በመጨረሻ የተነሣው ዘጠነኛው ሰው ነው። ወረቀቱን አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ማሽላው ውስጥ ገባ፤ ከወንዙ ዳር ጀምሮ እርምጃውን እየቆጠረ መካከሉ ላይ ሲደርስ ቆመ። በትሩን መሬት ላይ ተከለና ወደ ወንዙ በኩል ያለውን፣ እሸቱ የጎመራውን ግማሽ በእጁ አሳያት። ሴትዮዋ ልጆቿን ጠርታ ከበትሩ ወዲያ ገባች።

ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ነበር፤ ይህንንም ቃለ ጉባኤው ውስጥ ልጽፈው አስቤ ነበር። ሽማግሌው አዩኝና በእጃቸው ከለከሉኝ፤ እኔም ታብሌቱን አጠፋሁት።